ልጄን እሺ አትበሏት

የተከበራችሁ ዘመዶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ ከልጄ ጋር የሠራችሁ፣ ከልጄ ጋር ያነበባችሁ። በዚህ ፀሐይ መጥታችሁ ቆማችሁልኛል፤ እግራችሁ አይድከም። ከግንቡ ሥር ትንሽ ጥላ አለ። ትልልቆቹ ወደዚያ ጠጋ በሉ፤ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

ንግግር አዋቂ አይደለሁም። የምለው እንዳይጠፋኝ ጽፌዋለሁ። ስጽፍም ሳነብም ዝግ እላለሁ፤ ትታገሡኛላችሁ።

ልጄን የቀበርን ዕለት እዚሁ ቦታ ላይ ሦስት ጓደኞቿ ተናገሩ። ሦስቱም ዛሬ መጥተዋል። አንደኛው አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁለተኛዋ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሦስተኛው አስተማሪ ነው። ያን ቀን አፌ አልተከፈተም። ጆሮዬ ግን ይሰማ ነበር።

ሾፌሩ፣ «ከሰው ጋር ተጋጭታ አታውቅም» አለ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ «ሁሉን ሰምታ ሁሉን የምትቀበል ነበረች» አለች። አስተማሪው ደግሞ፣ «ዝምታዋ ራሱ ትምህርት ነበር» አለ። ሰዉም አለቀሰ።

እኔ ሣጥኑን አየሁት። የማንን ልጅ ነው የምንቀብረው አልኩ በሆዴ።

ዝምታዋ? የማን ዝምታ? ሁሉን የምትቀበል? ማን ናት ይቺ? እኔ ይቺን ልጅ አላውቃትም። አልወለድኳትም፤ አላሳደግኳትም። እኔ የማውቃት ልጅ ጡት ሳስጥላት የተሟገተችኝ ልጅ ናት።

ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል። አመስግኗት፤ አልከለክልም። ግን እሷን አመስግኑልኝ። ሌላ ሰው አምጥታችሁ በልጄ ሣጥን ውስጥ አታስተኙብኝ።

ዛሬ የመቃብር ድንጋዩ ቆሞላታል። ከዚህ በኋላ እዚህ ተሰብስበን የምንነጋገርበት ምክንያት አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ ካልተናገርኩ ያቺው ዝምተኛዋ ሴት እንደተቀበረች ልትቀር ነው። እምቢ ያልኩት ይሄን ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ልጄን በቅጽል ስሟ ማን ነበር የምትሏት? «ቆይማ» ነበር የምትሏት። ለምን? ስለ ዝምታዋ? አንድ ሰው ነገር ጀምሮ ሁለተኛውን ትንፋሽ ሳይስብ፣ «ቆይማ» ትላለች። እጇን ታነሳለች፤ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ሰውየው የጀመረውን ነገር እንደጀመረው አይጨርሰውም።

ሥራዋን ታውቃላችሁ። መነጽር ቤት ፍሬም ታስተካክል፣ ሌንስ ትገጥም ነበር። አንድ ጊዜ ምሳዋን ይዤላት ስሄድ፣ አንድ ትልቅ ሰው መስታወቱ ፊት ቆመዋል። ወፍራም ጥቁር ፍሬም አድርገዋል። አገጫቸውን ቀና፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ራሳቸውን ያያሉ። ደስ ብሏቸዋል። ጠቅልይልኝ ሊሉ ነው።

«ቆይማ ጋሼ» አለች።

«ምነው?»

«ይሄ ፍሬም ፊትዎን በልቶታል።»

«እኔ ወድጄዋለሁ።»

«እርስዎማ ከበስተጀርባው ነዎት። የምናየው እኛ ነን።»

የሱቁ ባለቤት ከጓዳ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰውየው ፍሬሙን አስቀምጠው ተቆጥተው ወጡ። ባለቤቱም፣ «ልጄ፣ እኔ እዚህ ደንበኛ እጠራለሁ፣ አንቺ ታባርሪያለሽ። ለምን ሁለታችንም እንደክማለን?» አሏት። ከጥቂት ቀን በኋላ ያ ሰውዬ ሚስታቸውን ይዘው ተመለሱ። ገና ከበሩ፣ «ያቺ ክፉዋ ልጅ አለች?» አሉ። ለሚስታቸው መነጽር እንድትመርጥላቸው ነው ይዘዋቸው የመጡት። ባለቤቱ እዚህ ቆመዋል። ጌታዬ፣ ዋሽቼ ከሆነ ያርሙኝ።

ሰው የወደደውን ነገር አልወደድኩልህም ማለት፣ ለልጄ ፍቅር ነበር። ዝም ያለችው ሰው ካለ፣ እሱን አልወደደችውም ማለት ነው።

እና ሐሙስስ? ሐሙስን ረሳችሁት?

ሐሙስ ሥራ ሲያልቅ የሱቁ መዝጊያ እስከ ግማሽ ይወርዳል። ደንበኛ የሚጠብቅባቸው ወንበሮች ክብ ይሠራሉ። ከእሷ ጋር አራታችሁ፣ ያን ሰሞን የምታነቡትን መጽሐፍ እየያዛችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔም ከልጄ ጋር አብረን ወደ ቤት ስለምንሄድ ጥግ ይዤ እጠብቃለሁ። ክፍሉ መስታወት በመስታወት ነው። አራት ሰው ሲጨቃጨቅ አርባ ይመስል ነበር።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው አይናገርም። መሀል ላይ ያለ ነው የሚናገረው። ሁለት ሰው ደግሞ አንድ መጽሐፍ አይዝም። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሞኝነት መሰለኝ። «ሰው ያልጨረሰውን ነገር ምን ብሎ ያወራል?» አልኳት።

«እማዬ፣ የጨረሰ ሰው ደራሲው ያለውን ነው የሚነግረኝ። መሀል ላይ ያለው ግን ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ስለማያውቅ የራሱን ያወራል። እኔ የምፈልገው የራሱን ነው።»

ሾፌሩ ይሄን ሕግ ጠልቶት ነበር። ትዝ ይልሃል ልጄ? አንድ ሐሙስ ስለ አንድ ወታደር የሚያወራ መጽሐፍ ይዞ መጣ።

«እኔ ይሄን ወታደር አላምነውም» አለ።

«ቆይማ። ምን አደረገ?»

«ገና ምንም አላደረገም።»

«ታዲያ ለምን አታምነውም?»

«ፊቱ አላማረኝም።»

«ፊቱን የት አየኸው? ገጽ ስንት ላይ ነህ?»

«መሀል።»

«መሀል የት?»

«መሀል ነዋ፣ ምን ትፈልጊያለሽ።»

መጽሐፉን ከእጁ ነጠቀችው። የአውቶቡስ ትኬት መሀሉ ላይ በወግ ተሰክቷል። እሷ ግን ከኋላ በኩል ገለጠችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ በመኪና ግራሶ ታትሟል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች በሳቅ።

«እኔ ሾፌር ነኝ» አለ ኮስተር ብሎ። «መድረሻዬን ሳላውቅ ሞተር አላስነሳም።»

«እኔ እዚህ የምፈልግህ ተሳፋሪ እንድትሆን ነው» አለችው። ያን ሐሙስ አፉን ዘግቶ ሲሰማ አመሸ። ከሰው ጋር ተጋጭታ አታውቅም ያለን ይሄው ሰው ነው።

አስተማሪውስ? በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ልጆቹን ጥሎ የጠፋ አባት አለ። ምሕረት ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚል ከልጄ ጋር ተኳረፉ። አስተማሪው ይገባዋል አለ፤ እሷ አይገባውም አለች። ሳምንታት ሰላም አልተባባሉም። መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገር ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጣ። መነጽሩን ከፊቱ አውልቆ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ላልቷል» አለ።

እያገላበጠች አየችው። «አልላላም።»

«ላልቷል እላለሁ፤ አጥብቂልኝ።»

ብሎን መፍቻዋን አነሳች። ያልላላውን እያጠበቀች፣ አንገቷን እንዳቀረቀረች፣ «አሁንም አልምረውም» አለችው።

«እኔ ምሬዋለሁ» አለ።

«ይሁንልህ። ሐሙስ እንዳትቀር።»

ዝምታዋ ነው ትምህርት የነበረው? አንተ እንዲህ ትላለህ?

ከዚያ ታመመች። ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት ሐሙስ ወደ እኛ ቤት መጣ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሳሎንም ከማዕድ ቤትም ወንበር ሰብስቤ አልጋዋን ከበብኩት። እንግዲህ ይጨቃጨቁ አልኩ። ጎረቤት ይስማ፤ ጣሪያው ይነሳ።

ሦስታችሁም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዛችሁ ገባችሁ። እሷ ያን ሰሞን የምታነበውን። «ብቻሽን እንዳትሆኚ አብረንሽ እናንብብ ብለን ነው» አላችሁ። ልጄ መጽሐፎቹን በተራ አየቻቸው። ፈገግ አለች።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ልጅ ነው። እናቷ በወንዝ ዳር ከተማ ክፍሎች ታከራያለች። ልጅቷ የተከራዮቹን ክፍል ስትጠርግ፣ አንሶላቸውን ስታጥብ አድጋለች። ታሪኩ እንዲህ የሚጀምር ነው።

ልጄ የመሰላትን ተናገረች። «ልክ ነሽ» አለ አስተማሪው። ሌላ ተናገረች። «እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት» አለች የመድኃኒት ቤቷ ልጅ። ሌላ ጨመረች። «እሺ፣ እሺ፣ እውነትሽን ነው» አለ ሾፌሩ። የተማከራችሁ ትመስሉ ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ። በዚያ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ለትራሱ እሺ። ለውሃው እሺ። ለመጽሐፉም እሺ።

እሷ መቼም ሞኝ አልነበረችም። አንድ ሐሙስ ፈተነቻችሁ።

በመጽሐፉ ውስጥ የተከራዮችን ሻንጣ የሚበረብር አንድ ሰውዬ አለ። የዓይነ ስውሩን ሽማግሌ ሰዓት ከትራሱ ሥር የሰረቀ ሰው ነው። ልጄ፣ «ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው» አለች። «ንጹሕ ሰው ነው። ልቡ የጠራ።»

ተያያችሁ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ አሁን ይነሳሉ አልኩ። አሁን ሾፌሩ ይጮሃል አልኩ።

አስተማሪው፣ «እንግዲህ በአንድ በኩል ሲታይ፣ ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ» አለ። ሾፌሩ፣ «ችግር ነው ያሰረቀው፤ እሺ» አለ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ብርድ ልብሱን አስተካከለች።

ስትወጡ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ምነው፣ አመመሽ?» አልኳት።

«እማዬ፣ ሞቼ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይሄን ቃል የሰማሁት ትንፋሿ እያለ ነው። ስሙኝማ። ልጄ መጀመሪያ የተቀበረችው እዚህ አይደለም። እዚያ አልጋ ላይ፣ በእሺ ነው የተቀበረችው።

ሮጬ ደረጃው ላይ ደረስኩባችሁ። «ተከራከሯት እንጂ» አልኳችሁ።

«እማማ፣ ታማ እንዴት ብለን እንከራከራታለን?» አለ ሾፌሩ።

«እንዳትደክም ብለን ነው» አለች የመድኃኒት ቤቷ ልጅ።

«ያደከማት ይሄው ነው» አልኩ።

ከዚያ ያልጠየቅኩትን ነገራችሁኝ። ለካ ሦስታችሁም መጽሐፉን ጨርሳችሁታል። ለምን? መጨረሻው ላይ ሞት እንዳይኖር ለማየት። «የለም እማማ፣ አይስጉ፤ ገጽ በገጽ አይተነዋል» አላችሁኝ። ምን ልበላችሁ? ሳቅም መጣብኝ፤ ንዴትም መጣብኝ። ሦስት ጎልማሳ ሰዎች ሞትን መጽሐፍ ውስጥ ሲያሳድዱ፣ ልጄ እዚያ ማዶ አልጋ ላይ፣ ተሳስተሻል የሚላት አንድ ሰው አጥታለች።

«እሺ እማማ» ብላችሁ ወረዳችሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ መጥታችሁ እሺ አላችኋት።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። ያጡትን መድኃኒት ከየት ያምጡ? እናንተ ግን በእጃችሁ የነበረውን ነው የከለከላችኋት።

በቃኝ እንዳልል ደግሞ ይኸው ጨመራችሁልኝ። ያለፈው ሐሙስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ጥጌን ይዤ ልቀመጥ፤ ስትጨቃጨቁ ልስማ፤ በዚያውም የእሷን ወንበር ልይ ብዬ። መዝጊያው እስከ ታች ወርዷል። ለሾፌሩ ደወልኩ። «ለእሷ ክብር ስንል አቁመነዋል እማማ» አለኝ።

ለእሷ ክብር? ውሃ ስትወድ ለሞተች ሴት ክብር ተብሎ ምንጭ ይደፈናል? በየት አገር ነው ይሄ?

አሁን እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ለመመካት አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ኋላ ላይ ዓይኗ ሲደክም ያንን መጽሐፍ እኔ ነበርኩ የማነብላት። «እማዬ፣ ጉንዳን ይቀድምሻል» ትለኝ ነበር። እኔም፣ «ጉንዳን ይምጣና ያንብብልሽ» እላታለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ልጅቷ ቤቱን ጥላ ልትሄድ ከምትነሳበት ቦታ ደረስን። ልብሷን በቦርሳ ከታለች። እናቷ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣለች።

«አበጀች። ትሂድ» አለች ልጄ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። «አትሄድም» አልኩ።

«ቆይማ» አለች።

ትራሱን ገፍታ ቀና አለች። ያን ሰሞን ያለሰው እርዳታ ቀና ብላ አታውቅም ነበር።

«ለምንድን ነው የማትሄደው?»

«እናቷ ብቻዋን ናት።»

«እናቷ ትልቅ ሴትዮ ናት።»

«ዕድሜዋን ማን ጠየቀሽ? ብቻዋን ናት አልኩሽ እኮ።»

«ልጅቷ እዚያ ቤት ውስጥ ታፍናለች እማዬ። አሁን ያነበብሽው ምንድን ነው? አየር አጥሯታል።»

«መስኮት ትክፈት።»

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ መልሶ ሳቅ ሆነ። «መስኮት ትክፈት ትለኛለች» አለች ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «እናትየዋ እኮ ሂጂ ብትላት ለልጅቷ ይቀላት ነበር» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እሺ ብትላት።»

«አትላትም።»

«ግትር ነሽ።»

«አንቺስ ከማን ወረስሽው?»

ያን ቀን ሾርባዋን እስከ ታች ጠጣች። በማግስቱም ከዚያው ጀመርን። እሷ ትሂድ፤ እኔ አትሂድ። ጎረቤቶች ተጣልተን መስሏቸው በሩን አንኳኩ። ከዚያ ገጽ አላለፍንም። በቀረን ቀን ሁሉ እዚያው ነበርን።

ዛሬ ጠዋት አስተማሪው አዝኖልኝ፣ «እማማ፣ መጨረሻውን ልንገርዎት?» አለኝ። አትንገረኝ። በራሴ አነባበብ እደርስበታለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ይፍጅ። በሕጉ ከሄድን እናንተ ጨርሳችኋል፤ እንግዲህ ስለዚህ መጽሐፍ አፍ የላችሁም። መሀል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ እመጣለሁ። ጌታዬ፣ መዝጊያውን እስከ ግማሽ ብቻ ያውርዱልን። እናንተም የየራሳችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ፤ ያላለቀ። ሾፌሩ ጣቱን ታጥቦ ይምጣ። የመሰለኝን እናገራለሁ፤ ከዚያ አንዳችሁ ተነሱና፣ «ተሳስተዋል እማማ» በሉኝ። አታልቅሱብኝ። ብርድ ልብስ አታስተካክሉልኝ። ይሄን ካደረጋችሁልኝ ለልጄ ሐዘን ደረሳችሁልኝ እላለሁ። ካላደረጋችሁ፣ አበባችሁን አልፈልገውም።

ልጄ። አሁን ወደ አንቺ ልዙር።

ጓደኞችሽን በሰው ፊት ተቆጣሁብሽ። ብትኖሪ፣ «ቆይማ እማዬ፣ እነሱም እኮ ፈርተው ነው» ትይኝ ነበር። ሊሆን ይችላል። ግን አንቺን ሳይፈሩ የኖሩ ሰዎች ሞትሽን ለምን ፈሩ? ይሄን መልሺልኝ ብልሽ ደስ ባለኝ።

ትልልቆቹ መክረውኛል። እናት ስትሰናበት፣ ሂጂ ልጄ፣ በሰላም ሂጂ ትላለች አሉኝ። ለአንቺም ይቀልሻል፤ ለእኔም ይቀለኛል አሉኝ። ጻፍኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሰረዝኩት። ሌላው ሁሉ እሺ ብሎሽ ነበር፤ እንግዲህ ደግሞ እኔ ልጨምርበት?

ልጅቷ መሄድ አልነበረባትም። ቦርሳዋ ቢዘጋጅም፣ አየር ቢያጥራትም፣ መሄድ አልነበረባትም። እናቷ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ ነበር።

ደህና ሁኚ ልጄ። አሁንም አልስማማም።